ጥቁር አፈር፣ ቀይ ፒስታ፦ በአቃቂ ቃሊቲ ጎማን ከመሬት ጋር ማስማማት

መስከረም መጨረሻ

የአዲስ አበባን የተራራ ብስክሌት ነጂዎች የት እንደሚነዱ ብትጠይቋቸው እጃቸው የሚያመለክተው ወደ ሰሜን ነው። እንጦጦን ይጠራሉ፤ የባሕር ዛፉን ጥላ፣ ቀዝቃዛውን አየር፣ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን ፓርክ ያነሳሉ። ደቡቡን የሚጠራ ጥቂት ነው። ስለ ጎማ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን በከተማችን ከአቃቂ ቃሊቲ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ አምስት ዓይነት መሬት ይገኛል፦ ከባድ መኪና የሚመላለስበት አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ የአሮጌው ባቡር ሐዲድ ጠጠር፣ የእርሻው ጥቁር መረሬና ቀይ አሸዋ የለበሰው ፒስታ። እያንዳንዱ ከጎማ የሚፈልገው ነገር የተለየ ነው።

ጊዜውንም አስቤበት ነው የመረጥኩት። በሐምሌና በነሐሴ እዚህ አብዛኛው ጭቃ ነው፤ በመጋቢት ደግሞ አብዛኛው አቧራ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ ባሉት ቀናት ግን ደረቁም እርጥቡም ጎን ለጎን ይገኛሉ። ዳገቱ ላይ ያለው መንገድ ጠንክሯል፣ ዝቅ ያለው ገና ውሃ ያዘለ ነው። በየእርሻው ድንበር አደይ አበባ ቆሟል፤ ጤፉ አረንጓዴ ነው፤ ሽምብራው ገና ከመሬት ብቅ እያለ ነው።

የምነዳው ባለ 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት ነው። የፊት ጎማው ጥርሱ ረዘምና ራቅ ራቅ ያለ፣ ስፋቱ 2.10 ኢንች ነው። የኋላው 1.95 ኢንች፣ መሐል ላይ ጥርሱ አጠር ብሎ የተጠጋጋ ነው። በጀርባ ቦርሳዬ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና ልጥፍ፣ የእጅ መንፊያ፣ የአየር መለኪያና አንድ ቀጭን እንጨት ይዣለሁ። የእንጨቱ ጥቅም ወደ ታች ይመጣል።

ቃሊቲ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ጉዞዬን የጀመርኩት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በደቡብ በኩል ከሚያበቃበት ከቃሊቲ ነው። ከዚህ ወደ አቃቂ የሚወርደው የደብረ ዘይት መንገድ ሰፊ አስፋልት ነው፤ ጎን ለጎን የሚሮጠው ግን ከባድ መኪና ነው። ብረት የጫነ፣ ሲሚንቶ የጫነ፣ ኮንቴይነር የጎተተ። ብስክሌት ነጂ በቀኝ ጠርዝ ተጠግቶ ይሄዳል።

አስፋልት ላይ ጥርስ የሚሰጠው ጥቅም የለም። መሬቱ ለስላሳና ጠንካራ ስለሆነ ጥርሱ የሚነክሰው ነገር አያገኝም፤ በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ የእግራችንን ጉልበት ይበላል። ባለ ጥርስ ጎማ አስፋልት ላይ የሚያሰማው ድምፅ ያ የሚባክን ጉልበት ነው። መታጠፊያ ላይ ደግሞ ረጅሙ የጎን ጥርስ ወደ ውስጥ ስለሚተኛ ጎማው ሳይታሰብ ሊንሸራተት ይችላል። በእርጥብ አስፋልት ላይ መሐሉ ለስላሳ የሆነ ጎማ ከባለ ጥርሱ የበለጠ ይይዛል፤ ጎማው ከመንገዱ ጋር የሚገናኝበት ላስቲክ ስለሚበዛ ነው።

የሀገራችን የብስክሌት ታሪክ በአብዛኛው የአስፋልት ታሪክ ነው። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ በጎዳና የቡድን ውድድር 9ኛ ሆነው ሲጨርሱ የነዱት በቀጭን ጎማ ነው። ጽጋቡ ገብረማርያም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆንም ጎማው ቀጭን ነበር። ከአስፋልት ውጪ የሚነዳ ወጣት ስለ ጎማ ሲጠይቅ በአማርኛ የተጻፈ ብዙ ነገር አያገኝም። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ለእርሱ ነው።

የዚህ መንገድ ሌላው ጠላት ሽቦ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ከውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ሽቦ ይበተናል። ጠርዙ ላይ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ይተኛል፤ ዓይን አያየውም። ይህ ሽቦ ከገባ አየሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከመነዳሪው ተለጥፎ ሲመለስ ሽቦው ጎማው ውስጥ ከቀረ እንደገና ይበሳል። ስለዚህ ከመነዳሪ በሚቀየርበት ጊዜ ሁሉ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ጨርቁ የተያዘበት ቦታ ሽቦው ያለበት ነው። በባዶ ጣት ማድረግ ግን ጣትን ያስወጋል።

ጎሚስታው ዘንድ

ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎሚስታ አይጠፋም። ተራ ተራ የተደረደሩ ያረጁ ጎማዎች፣ ውሃ የሞላ በርሜል፣ የሚንተከተክ ኮምፕሬሰር። አንዱ ዘንድ ቆምኩ።

«ስንት ልሙላልህ?» አለኝ ወጣቱ።

«ሠላሳ አምስት።»

«ወንድሜ፣ ለብስክሌት ሃምሳ ነው እኮ። ጠንከር ሲል ነው የሚሮጠው።»

«አስፋልት ላይ ልክ ነህ። እኔ ግን ወደ አባ ሳሙኤል በኩል ነኝ።»

ቀና ብሎ ጎማዬን አየና «እንግዲያውስ ፈጣሪ ይርዳህ፤ እዚያ ጭቃው ገና አልደረቀም» አለ።

ያልኩት ቁጥር በስሌት የተያዘ ነው። እኔና ብስክሌቴ በአንድ ላይ 85 ኪሎ ገደማ እንመዝናለን። ከዚህ 50 ኪሎ የሚሆነው የሚያርፈው በኋላው ጎማ ላይ ነው። ጎማው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ስፋት በክብደቱና በአየሩ ግፊት ይወሰናል፤ በ50 ፒኤስአይ ሲሞላ መሬት የሚነካው 14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ35 ሲሞላ 20 ይደርሳል። ሰው ብር ሳያወጣ ጎማውን የሚቀይረው በዚህ መንገድ ነው። አየር ሲቀነስ ጎማው ጠጠሩን አቅፎ ያልፋል፤ አየር ሲበዛ ጠጠሩ ላይ ይነጥራል። ሸካራ መሬት ላይ የሚነጥር ጎማ መያዝ ብቻ ሳይሆን ፍጥነትም ያጣል፤ እያንዳንዱ ንጥረት ወደ ፊት መሄድ የነበረበትን ጉልበት ወደ ላይ ይወስደዋል። ጠንካራ ጎማ ሁልጊዜ ይሮጣል የሚለው እምነት የሚሠራው ለለስላሳ መንገድ ብቻ ነው።

ለብስክሌት ነጂ ሁለት ነገር ላሳስብ። የመጀመሪያው ስለ ቫልቭ ነው። ወፍራሙ፣ ከመኪናው ጋር አንድ ዓይነት የሆነው ቫልቭ ያለው ከመነዳሪ ግዙ። በውድ ብስክሌቶች ላይ የሚመጣው ቀጭኑ ቫልቭ ያለ መገናኛ በጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይሞላም፤ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ያለው ጎሚስታ ሁሉ ለእናንተ የተዘጋ ይሆናል። ሁለተኛው ስለ ኮምፕሬሰሩ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ከ100 ፒኤስአይ በላይ ይሞላል፤ የብስክሌት ከመነዳሪ ግን ትንሽ ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ልክ ያልፋል። አየሩ በጥቂት በጥቂቱ፣ በመሐሉ በመለኪያ እየታየ ይሞላ።

እዚያው ቁጭ ብዬ የጎማውን ጎን ለወጣቱ አነበብኩለት። 26 × 2.10 ተብሎ ከተጻፈው ስር 54-559 የሚል አለ። 54 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 559 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው። መርካቶ ላይ «26 ነው» ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም። 26 × 1 ⅜ የሚለው የድሮ የከተማ ብስክሌት ጎማ 590 ነው፤ በተራራ ብስክሌት ቸርኬ ላይ አይገጥምም። 27.5 የሚባለው 584፣ 29 የሚባለው 622 ነው። ስለዚህ ወደ ገበያ ሲሄዱ የኢንቹን ቁጥር ሳይሆን ባለ ሦስት አኃዙን ቁጥር ጽፎ መሄድ ገንዘብ ያድናል።

ይህ 559 የሚባለው መጠን የራሱ ታሪክ አለው። ሽዊን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1933 ሰፊ ጎማ ያለው ጠንካራ ብስክሌት አወጣ። ከ40 ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ ያሉ ወጣቶች እነዚያን አሮጌ ብስክሌቶች ከየጥጉ እያወጡ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ቁልቁል ይነዷቸው ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ውድድር አደረጉበት። የተራራ ብስክሌት የተወለደው ሰፊው ጎማ ቀድሞ ስለነበረ ነው።

አቃቂ በሰቃ፣ ኮብልስቶን

ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ስገባ ኮብልስቶን ጀመረ። የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በመሐሉ ያለው አሸዋ በክረምቱ ዝናብ ታጥቦ ስለወጣ ድንጋዮቹ ጉብ ጉብ ብለው ቀርተዋል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ሴቶች በየደጃፉ እሳት ያቀጣጥላሉ።

ኮብልስቶን የጥርስ ጥያቄ አያስነሳም፤ የአየር ጥያቄ ነው። በ50 ፒኤስአይ ከነዳሁ መሪው እጄን ያደነዝዘዋል። በ35 ግን ጎማው ንቅናቄውን ይውጠዋል። አደጋው በድንጋዮቹ መሐል ያለው ክፍተት ነው፤ ከ1.5 ኢንች የጠበበ ጎማ ክፍተቱ ውስጥ ገብቶ ይመራል። 1.95 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግን በላዩ ያልፋል። ጠዋት ጤዛ ሲኖር ወይም ከዝናብ በኋላ የተጠረበው ድንጋይ ያንሸራትታል፤ የዚህ መፍትሔ ከጥርስ ይልቅ ከላስቲኩ ልስላሴ ይገኛል። ጎማ ላይ አንዳንዴ 60ኤ ወይም 50ኤ የሚል ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ላስቲኩ ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ድንጋይ ይይዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። ለፊት ለስላሳ፣ ለኋላ ጠንከር ያለ መምረጥ የሚሻለው ለዚህ ነው። የኋላው ክብደትና የፔዳል ኃይል ስለሚሸከም ለስላሳው ላስቲክ እዚያ በአጭር ጊዜ ያልቃል።

በአሮጌው ሐዲድ ዳር

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ በኩል ነበር የሚያልፈው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ዛሬ ባቡር በማያልፍበት በዚህ መስመር ሰዎች በእግር ይሄዳሉ፤ ፍየሎች ይግጣሉ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ በኩል ነው የሚያልፈው።

ከሐዲዱ ስር የተነጠፈው ጠጠር የተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጠርዙ ስለታም ነው። እዚህ የሚፈተነው የጎማው ጎን ነው። ከጥርሱ ስር ያለው የጎማ አካል በክር የተሸመነ ነው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የክር ብዛት በአንዳንድ ጎማ ላይ ይጻፋል። 120 ክር ያለው ቀጭንና ቀላል ነው፤ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ለስለስ ባለ መሬት ጥሩ ነው። 60 ክር ያለው ክሩ ወፍራም ስለሆነ ከባድ ነው፤ ለስለታም ድንጋይ ግን ይበልጥ ይቆያል። ለአቃቂ ድንጋይ ምርጫዬ 60 ነው። የጎማ ጎን አንዴ ከተቀደደ ልጥፍ አያድነውም፤ ከመነዳሪው በቀዳዳው ያብጥና ይፈነዳል።

ዝቅተኛ አየር የሚያመጣው አደጋም እዚሁ ይታያል። አየር ከልክ በላይ የቀነሰ ሰው ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቀረጠፋል። ምልክቱ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ናቸው። እሾህ የበሳው አንድ ቀዳዳ፣ ቸርኬ የቀረጠፈው ሁለት ቀዳዳ። ሁለት ቀዳዳ ያገኘ ሰው ጎማ መቀየር አያስፈልገውም፤ ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ አየር ይጨምር።

ይህን ችግር ከሥሩ ያስወገደው ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ነው። ማቪክ፣ ሚሽሊንና ሀቺንሰን የተባሉ የፈረንሳይ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ለተራራ ብስክሌት አወጡት። ጎማው ከቸርኬው ጋር አየር ሳያስወጣ ይገጥማል፤ ውስጡ የሚጨመር ፈሳሽ ትንንሽ ቀዳዳ ሲፈጠር ፈጥኖ ይደፍነዋል። ለውድድር ነጂ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ልዩ ቸርኬ ይፈልጋል፤ ፈሳሹም በጥቂት ወራት ስለሚደርቅ መተካት አለበት። ፈሳሹን እንደ ልብ ለማያገኝ ሰው ትርፍ ከመነዳሪና ልጥፍ የተሻለ ዋስትና ነው።

ወደ አባ ሳሙኤል፣ ጥቁር አፈር

ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የተባሉት ወንዞች ከከተማው ወርደው የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ነው። የሀገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫ እዚያ ነው፤ ለረጅም ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ጀምሯል። በምዕራብ ፉሪ፣ በምሥራቅ የረር፣ በደቡብ በሩቁ ዝቋላ የተባሉት ተራሮች ይታያሉ። በመሐሉ ያለው ሜዳ ሁሉ ጥቁር አፈር ነው።

መረሬን የማያውቅ ሰው ጭቃን አያውቅም። ይህ አፈር በሀገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ውስጡ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ያበጠው ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም፤ ስለዚህ ዝናቡ ላዩ ላይ ይቆማል። ጤፍ ይህን ይችላል። ሽምብራና ጓያ ደግሞ ዝናቡ ሲያበቃ ይዘራሉ፤ አፈሩ ባጠራቀመው እርጥበት ብቻ ያድጋሉ። ለገበሬው በረከት የሆነው ይህ ውሃ የመያዝ ችሎታ ለጎማ ፈተና ነው።

ዳገታማው ክፍል ላይ አፈሩ ደርቆ ጠንክሮ ነበር። እዚያ የኋላው አጭር ጥርስ በቂ ነው፤ ጎማው ይሮጣል። ዝቅ ስል ላዩ የደረቀ፣ ውስጡ ግን እርጥብ የሆነ ክፍል ገጠመኝ። ቅርፊቱ ተሰበረና የኋላው ጎማ ሰመጠ። ጥቂት ዙር ከዞረ በኋላ ጥርሶቹ ጠፉ፤ በመሐላቸው ያለው ክፍተት በሙሉ በጭቃ ተሞላ። የፊቱ ግን ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ሲዞር ጭቃውን እየወረወረ ጥቂት ሜትር ጨመረልኝ። የጭቃ ጎማ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ጥርሱ ረጅም መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ቦታ ጭቃውን የሚለቅ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነገር ጥበት ነው። ለጭቃ ሰፊ ጎማ የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው፤ አሸዋ ላይ እንዳይሰምጥ የሚረዳው ስፋት ጭቃም ላይ የሚረዳ ይመስለዋል። ጥልቀት በሌለው ጭቃ ግን ከ1.8 እስከ 2.0 ኢንች የሆነ ጠባብ ጎማ ላዩን ሰንጥቆ ከስር ያለውን ጠንካራ መሬት ይደርሳል። በጎማውና በብስክሌቱ አጥንት መካከል ያለው ክፍተትም ይሰፋል። ሰፊ ጎማ ላይ የተለጠፈ መረሬ ከሹካውና ከፍሬኑ ጋር ተጣብቆ ቸርኬውን ጨርሶ እንዳይዞር ያደርገዋል። በቦርሳዬ የያዝኩት ቀጭን እንጨት ይህን ጭቃ ለመፋቅ ነው። ብረት ጎማውንና ቀለሙን ይጎዳል፤ እንጨት አይጎዳም።

ጭቃውን እየፋቅሁ ሳለሁ ሁለት አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት ደረሱብኝ። በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፤ በአማርኛ መለሱልኝ።

«ልጄ፣ መሐሉን ትተህ በሣሩ ጠርዝ ሂድ። ሣሩ ሥር አለው፤ ይሸከምሃል።»

«እሺ አባባ። እስከ ሐይቁ ይደርሳል?»

«እስከ ወንዙ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ገና ፀሐይ ይፈልጋል። ኅዳር ላይ ና።»

ምክራቸውን ተቀብዬ ብስክሌቱን እየገፋሁ በሣሩ ጠርዝ ሄድኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሙሉ ድጥ ነው። እዚያው ተመለስኩ። በዓለም ላይ ለዚህ ዓይነት የጠገበ መረሬ የተሠራ የብስክሌት ጎማ የለም። በውድ ዋጋ የተገዛውም፣ ረጅም ጥርስ ያለውም እኩል ይቆማል።

እዚህ ላይ ስለ ጎማ ሳይሆን ስለ ሰው መናገር አለብኝ። እርጥብ መረሬ ላይ የሚነዳ ብስክሌት ጥልቅ ቦይ ትቶ ያልፋል። ፀሐይ ሲወጣ ያ ቦይ እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ እስከሚቀጥለው ዝናብ እንደዚያው ይቆያል። በዚያ መንገድ እንስራ ያዘሉ ሴቶች፣ ጭነት የተሸከሙ አህዮች፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ይመላለሳሉ። ለአንድ ሰዓት ደስታ ብለን የሰውን እግር የሚያጣምም መንገድ ትተን መሄድ ተገቢ አይደለም። መንገዱ ጠበበን ብሎ ወደ ጤፉ መግባት ደግሞ የሰው እህል ማጥፋት ነው። ጎማው ጭቃ መያዝ ሲጀምር ወርዶ መግፋት፣ ካልሆነም መመለስ የነጂ ግዴታ ነው።

በደረቁ ወቅት ይኸው መሬት ሌላ ጠባይ ያሳያል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እስከ ግማሽ ሜትር ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ስንጥቁ ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ጠባብ ጎማ ይይዛል፤ ነጂውንም ይጥላል። በዚያን ጊዜ 2.10 ወይም 2.25 ኢንች ስፋት ያለው፣ ጥርሱ አጭርና የተጠጋጋ ጎማ ያስፈልጋል፤ ስንጥቁንም በአግድም ማቋረጥ ይገባል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ደግሞ መለኪያውን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ጠዋት በብርድ የተሞላ ጎማ እኩለ ቀን ላይ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ግፊቱ ከ2 እስከ 3 ፒኤስአይ ይጨምራል፤ ሲሞላ ይህን ማሰብ ጥሩ ነው።

በአቃቂና በገላን መካከል፣ ቀይ ፒስታ

ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። እዚህ መንገዱ ቀይ ነው። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ባሉት ትንንሽ ኮረብታዎች ውስጥ የሚወጣው ቀይ አሸዋ ጥንት ከእሳተ ገሞራ የተረጨ ቀዳዳማ ድንጋይ ነው። ተቆፍሮ በጥቁሩ አፈር ላይ ይደፋል፤ ያለ እርሱ በክረምት መኪና አያልፍም። ይኸው ቀዳዳማ ድንጋይ ከመሬት በታች ውሃ ያጠራቅማል፤ አዲስ አበባ የምትጠጣው የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ የሚወጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ ውስጥ ነው።

ቀዳዳማ ስለሆነ ውሃ አይቆምበትም። ዝናብ ባቆመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይነዳል፤ ስለዚህ በክረምት የአቃቂ ነጂ መንገድ ይህ ነው። ችግሩ ልቅ መሆኑ ነው። ከስር የተጠቀጠቀ ጠንካራ መሬት፣ ከላይ እንደ ልብ የሚንከባለል ጠጠር። ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ሰው ቀላል ነው፤ መታጠፊያ ላይ ግን የፊት ጎማ ወደ ውጪ ይንሸራተታል።

የፊት ጎማ ሲንሸራተትና የኋላው ሲንሸራተት አንድ አይደለም። የኋላው ቢያፈተልክ ነጂው ክብደቱን አስተካክሎ ይመልሰዋል። የፊቱ ካፈተለከ ብዙ ጊዜ ውጤቱ መውደቅ ነው። የተሻለው ጎማ፣ ሰፊውና ጥርሳሙ፣ ፊት ላይ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ለቀይ ፒስታ ከ2.10 እስከ 2.25 ኢንች የሆነ፣ መሐሉ መካከለኛ ጥርስ ያለው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ግን ጠንካራ የማይታጠፍ ጥርስ የተሰለፈበት ጎማ ጥሩ ነው። ብስክሌቱ ሲያዘነብል ልቁን ጠጠር ገፍቶ ጠንካራውን መሬት የሚነክሰው ያ የጎን ጥርስ ነው። ፍሬንም ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ውስጥ አይያዝም።

ጎማ ሲገጠም ጎኑ ላይ ያለውን ቀስት ማየት ያስፈልጋል። ቀስቱ ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል። ለፊትና ለኋላ የተለያየ አቅጣጫ የሚጠቁም ጎማም አለ፤ ፊት ላይ ፍሬን ሲያዝ እንዲነክስ፣ ኋላ ላይ ፔዳል ሲረገጥ እንዲገፋ ተብሎ የተሠራ ነው።

በዚህ መስመር ግራር አለ፤ በየአጥሩም የእሾህ ክምር ይታያል። እሾህ ከመሐሉ ጥርስ ይልቅ በጥርሶች መካከል ባለው ቀጭን ላስቲክ ነው የሚገባው። ስለዚህ ጥርሱ የተጠጋጋ የኋላ ጎማ ከእሾህም ይጠብቃል። ያረጀ ከመነዳሪን ሰንጥቆ በአዲሱ ከመነዳሪና በጎማው መካከል ማንጠፍ በብዙ ጋራዥ የሚታወቅ ዘዴ ነው፤ ክብደት ይጨምራል፣ እሾህን ግን በእርግጥ ይቀንሳል።

ቱሉ ዲምቱ፣ ሊመሽ ሲል

ቱሉ ዲምቱ ላይ የአዳማው ፈጣን መንገድ ይጀምራል። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ለስላሳ አስፋልት ነው፤ ለብስክሌት ግን አይፈቀድም። ወደ ቃሊቲ የሚመለሰውን መንገድ ያዝኩ። ከመነሳቴ በፊት በእጅ መንፊያ የኋላውን ጎማ ወደ 45 ፒኤስአይ ከፍ አደረግሁት፤ የቀረው ሁሉ አስፋልት ነውና። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ ቀለል ብሎኝ ሄደ።

ባለፉት ዓመታት በከተማው የኮሪደር ልማት በተሠራባቸው ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ታይቷል። የደብረ ዘይት መንገድ ነጂም እንደዚህ ያለ የተለየ መስመር ይገባዋል። ከከባድ መኪና ጎን ለጎን የሚነዳ ሰውን ምንም ጎማ አያድነውም።

ጎማ ለሚገዛ ሰው የመጨረሻ ቃል

በአቃቂ ቃሊቲና በዙሪያው ለሚነዳ ሰው አንድ ጥንድ ጎማ ብቻ መግዛት ከቻለ ፍርዴ ይህ ነው። ፊት ላይ 2.10 ኢንች፣ ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ፣ የጎን ጥርሱ ጠንካራ፤ ኋላ ላይ 1.95 ወይም 2.00፣ መሐሉ የተጠጋጋ፣ 60 ክር ያለው። ከመነዳሪው ባለ ወፍራም ቫልቭ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ፒስታና እርሻ ላይ ፊት 30፣ ኋላ 35፤ አስፋልት ላይ ሁለቱም ከ45 እስከ 50። ከዚህ የሚከብድ ሰው ጥቂት ይጨምር፣ የሚቀል ይቀንስ፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን አይለፍ።

ወራቱን በተመለከተ፦ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ጥቁሩን አፈር ለገበሬውና ለጤፉ ተዉለት፤ ቀዩን ፒስታና ኮብልስቶኑን ንዱ። ከኅዳር እስከ ጥር የአባ ሳሙኤል ሜዳ በጣም ጥሩ ነው፤ መሬቱ ጠንካራ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ጤፉ በአጨዳና በውቂያ ላይ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት አቧራውና ስንጥቁ ስለሚበዛ ሰፋ ያለውን ጎማ ግጠሙ።

አዲስ ጎማ ለመግዛት ከማሰባችሁ በፊት መለኪያ ይዛችሁ አየራችሁን አስተካክሉ፤ መንገዱንም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። መሬቱ የትኛው ወር ላይ ብስክሌት እንደሚሸከም ከማንም በላይ የሚያውቀው የሚያርሰው ሰው ነው።